የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከፊርማው በፊት ውሉን ማን ያነበዋል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የመረጥናቸው በዩኒቨርሲቲ የምርምር ውል ኦፊሰር ሥራ ዙሪያ የተጻፉትን ነው። አንዳንዶቹ ሥራውን ሊጀምሩ ካሰቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ ፋይላቸው በዚሁ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከቆየባቸው ተመራማሪዎች የመጡ ናቸው። ለረጅም ጊዜ በዚህ ሥራ ላይ ያለሁ በመሆኔ መልሱን እንድጽፍ የዝግጅት ክፍሉ ጠይቆኛል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምኖር የሕግ ምሩቅ ነኝ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ውልና ግራንት (የምርምር ድጋፍ ገንዘብ) ኦፊሰር ለመቅጠር ያወጣውን ማስታወቂያ አይቼ ለማመልከት አስቤያለሁ። ለመሆኑ ሥራው የሕግ ነው ወይስ የፋይናንስ? አንድ ኦፊሰር ቀኑን ምን ሲሠራ ይውላል?

መልስ፦ ሥራው የሕግም፣ የፋይናንስም፣ የምርምር አስተዳደርም ነው። ከሦስቱ አንዱን ይዞ ገብቶ ሌሎቹን እየሠሩ መማር የተለመደ ስለሆነ የሕግ ምሩቅ መሆንዎ አያሳስብዎት። እንዲያውም አንድ ሐረግ ማንን ምን እንደሚያስገድድ ለይቶ የማየት ልምድ ይዘው ይመጣሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል፤ በቁጥር 1724 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ያዛል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው «ችግር የለውም፣ ፎርማሊቲ ነው» ተብሎ የሚመጣለትን ሰነድ በተለየ ዓይን ያያል።

የሚያነቡት ውል ግን በትምህርት ቤት ከለመዱት ይለያል። በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለሌላ አገር ሕግ ተገዢ እንዲሆን የተረቀቀ፣ ከኋላው ፕሮፖዛል፣ በጀትና የሥራ ዕቅድ በአባሪነት የተያያዘበት ነው። ብዙውን ሰዓት የሚወስደውም እነዚህ ሰነዶች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ማረጋገጥ ነው። ፕሮፖዛሉ ሦስት ዓመት ሲል ውሉ ሁለት ዓመት የሚልበት፣ በበጀቱ አራት ሰዎች ተቆጥረው በሥራ ዕቅዱ ስድስት ሰዎች የሚሰማሩበት ጊዜ አለ። ዋናው ተመራማሪ ሐሳቡ ሁሉ በጥናቱ ላይ ስለሆነ ይህን ላያየው ይችላል። ኦፊሰሩ ሳያየው ካለፈ ግን ጉዳዩ ከዓመት በኋላ በኦዲተር እጅ ይወድቃል።

ቀኖችም ብዙ ጣጣ አላቸው። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት በኦክቶበር 1 ይጀምራል። በውሉ ላይ «እስከ ጁን 30 ቀን 2025» ተብሎ የተጻፈ የሪፖርት ቀን በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የፋይናንስ ባልደረባዎ ሰኔ 30 ብሎ ከያዘው ሪፖርቱ በአንድ ሳምንት ዘግይቶ ክፍያው ይታገዳል። እያንዳንዱን የጊዜ ገደብ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጽፎ ለተመራማሪውም ለፋይናንስም መስጠት ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን አዲስ ለሚቀጠር ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የተረፈው ሰዓት ከአጋር ተቋም ጋር በኢሜይል በመደራደር፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ መምጣቱን በማጣራት፣ ፋይሉን ለፊርማና ለማኅተም ወደ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ በማድረስና የተፈረመውን በመዝገብ በመያዝ ያልፋል።

ጥያቄ፦ የሰብል ማሻሻያ ተመራማሪ ነኝ። ለሁለት ዓመት ደጅ ስጠናው የቆየሁት የውጭ አጋር በመጨረሻ የስምምነት ረቂቅ ልኮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈርሞ እንዲመለስለት ጠየቀ። የዩኒቨርሲቲያችን የውል ክፍል ግን ሳምንቱን ሙሉ ይዞት ከቆየ በኋላ ብዙ ቦታ ላይ ማስተካከያ ጽፎ መለሰው። አጋራችን ቅር ብሎት ቢተወንስ? ገንዘብ የሚሰጠን ወገን ባዘጋጀው ውል ላይ መደራደርስ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ሁለት ዓመት የተጠበቀ ገንዘብ እደጅ ደርሶ ሲጓተት ማየት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። የውል ክፍሉ ረቂቁን በደረሰው በማግሥቱ «ይህን ያህል ቀን ያስፈልገናል» ብሎ ሊያሳውቅዎት ይገባ ነበር፤ በዚህ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። በዋናው ጥያቄዎ ላይ ግን መደራደር ተገቢ ብቻ ሳይሆን የሚጠበቅ ነው እላለሁ። የተላከልዎት ረቂቅ በአጋርዎ የውል ክፍል ውስጥ የዚያን ተቋም ጥቅም እንዲያስከብር ተደርጎ የተጻፈ መነሻ ሰነድ ነው። የላከው ባለሙያም ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ማስተካከያ ሲመጣለት አይቶ መልስ ሲሰጥ የሚውል ሰው ነውና፣ ከሐዋሳ ወይም ከጎንደር ሲመጣለት የሚከፋበት ምክንያት የለም።

እርግጥ ሁሉም አንቀጽ ለድርድር አይቀርብም። የገንዘቡ ምንጭ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከሆነ አጋርዎ ራሱ የተቀበላቸውን ግዴታዎች ወደ እናንተ ማስተላለፍ አለበት። ለምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ንዑስ ተቀባዮች (ገንዘቡ በሌላ ተቋም በኩል የሚደርሳቸው ተቋማት) የቤተ ሙከራ መዝገቦቻቸውንና መረጃዎቻቸውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለዋናው ተቀባይ፣ ማለትም ገንዘቡን በቀጥታ ለተቀበለው ተቋም፣ ክፍት እንዲያደርጉ በውል እንዲጻፍ አዝዘዋል። ይህን አንቀጽ «ይሰረዝልን» ብሎ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ይልቁንም መረጃው በምን መንገድ እንደሚተላለፍ፣ የተሳታፊዎች ማንነት እንዳይገለጥ ምን እንደሚደረግ፣ አሠራሩ ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጋር እንዴት እንደሚጣጣም ማስጻፍ ይቻላል። የማይነቃነቀውን ከሚነቃነቀው መለየት የኦፊሰሩ ዋና ችሎታ ነው።

ከሚነቃነቁት መካከል ስለ ኅትመት የሚናገረው አንቀጽ አንዱ ነው። በተለይ ድጋፍ ሰጪው የንግድ ኩባንያ ሲሆን «ተቀባዩ ውጤቱን ከማሳተሙ በፊት የድጋፍ ሰጪውን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት» የሚል አንቀጽ በብዛት ያጋጥማል። አነጋገሩ ጨዋ ነው፤ የሚሰጠው ሥልጣን ግን ሙሉ ነው፤ ድጋፍ ሰጪው ዝም ካለ ሥራዎ አይታተምም፣ የዶክትሬት ተማሪዎም አይመረቅም። ስለዚህ እኔ አንቀጹን እንደሚከተለው ለውጬ እልካለሁ፦ «ተቀባዩ ረቂቁን ለኅትመት ከመላኩ 30 ቀናት አስቀድሞ ለድጋፍ ሰጪው ያቀርባል፤ ድጋፍ ሰጪው በዚህ ጊዜ ውስጥ የራሱ ምሥጢራዊ መረጃ እንዲወጣለት ወይም ለፓተንት (ለፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ ሲባል ኅትመቱ ከ60 ቀናት ላልበለጠ ጊዜ እንዲዘገይለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ካልጠየቀ ተቀባዩ ማሳተም ይችላል።» «ፈቃድ» የሚለው ቃል ወጥቶ የጊዜ ገደብ ገባ። ድጋፍ ሰጪው በእርግጥ የሚያስፈልገውን ጥበቃ አላጣም፤ ስለዚህም ይህን ማስተካከያ ለመቀበል ብዙም አይቸገርም።

እርስዎ ከሰብል ጋር ስለሚሠሩ ከሁሉ በላይ የማሳስብዎት ግን የናሙና ማስተላለፊያውን ነው። የዘረመል ሀብት አርካቦትን (ሀብቱን ማግኘትና መጠቀምን) በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ዘር ወይም ሌላ የዘረመል ሀብት ለመውሰድና ከአገር ለማውጣት ከኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ያልሆነውን በውል አሳልፎ መስጠት አይችልም። «ተቀባዩ ናሙናዎቹን በ60 ቀናት ውስጥ ይልካል» የሚል ግዴታ ፈርመው ፈቃዱ በዚያ ጊዜ ባይደርስ ውል አፍራሹ እርስዎ ይሆናሉ። ስለዚህ ግዴታው «ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ» በሚል ሐረግ መታሰር አለበት።

የውል አጻጻፍ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል ከጤፍ ታሪካችን የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። በ1997 ዓ.ም. የያኔው የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዘረመል ስለመጠቀምና ጥቅሙን ስለመጋራት ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ በጊዜው በአርአያነት ሲጠቀስ ነበር። ነገር ግን ከጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ጋር የተያያዘ የፓተንት ማመልከቻ ከፊርማው አስቀድሞ በኔዘርላንድ ገብቶ ነበር፤ የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤትም በ1999 ዓ.ም. ፓተንቱን ሰጠ። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ሲከስር የፓተንቱ መብት ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ዞረ። ኢትዮጵያ የተዋዋለችው ከከሰረው ኩባንያ ጋር ስለነበር አዲሶቹን ባለመብቶች በዚያ ውል ማስገደድ አልቻለችም፤ ከስምምነቱ ያገኘችውም ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውድቅ ያደረገውም በእኛ ውል የተነሣ ሳይሆን፣ በሁለት ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክርክር ፓተንቱ አዲስ የፈጠራ ሥራ አይደለም ብሎ ነው።

ስለዚህ ዘር የሚነካ ውል እጄ ሲገባ ሦስት ነገሮችን እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ አጋሩ በጉዳዩ ላይ ያስገባው ወይም ሊያስገባ ያሰበው የፓተንት ማመልከቻ ካለ ከፊርማው በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፤ ሁለተኛ፣ መብቱን ለሦስተኛ ወገን ሲያስተላልፍ ያ ወገን የውሉን ግዴታዎች በሙሉ በጽሑፍ እንዲቀበል፤ ሦስተኛ፣ ድርጅቱ ቢከስር ወይም ቢፈርስ ናሙናዎቹን የመጠቀም ፈቃድ እንዲቋረጥ። ሦስቱም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ይካተታሉ። የእርስዎ የውል ክፍል ይዞት የቆየው እነዚህን ሲጽፍ ከሆነ፣ የባከነ ሳምንት ነው አልልም።

ለእርስዎ የምመክረው ረቂቁን በደረሰዎት ዕለት ለውል ክፍሉ እንዲልኩና፣ አብረው በአንድ ገጽ «ይህ ባይኖር ጥናቱን መሥራት አልችልም» የሚሉትን ለይተው እንዲጽፉ ነው። ኦፊሰሩ ሕጉን ያውቅ ይሆናል፤ በየትኛው ነጥብ ላይ መግፋት እንዳለበት የሚነግረው ግን ተመራማሪው ነው።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ የምኖር መምህር ነኝ። የምሠራበት ዩኒቨርሲቲና በአገር ቤት ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የመግባቢያ ሰነድ በክብር ሥነ ሥርዓት ተፈራርመዋል። አሁን ገንዘብ ለማስተላለፍ ስንነሣ እንደገና ሌላ ውል ተጠየቅን። ሁለት ጊዜ መፈራረም ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የመግባቢያ ሰነዱ ሁለቱ ተቋማት አብረው የመሥራት ፍላጎት እንዳላቸው ይገልጻል እንጂ ማን፣ ምን፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ አይወስንም፤ በብዙዎቹ ላይም የገንዘብ ግዴታ እንደማያስከትሉ በግልጽ ተጽፏል። ገንዘብ፣ ናሙና ወይም የታካሚ መረጃ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ራሱን የቻለ ውል ያስፈልጋል። እንደ እርስዎ ያሉ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ትልቅ እገዛ የሚያደርጉት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የሁለቱን ተቋማት አሠራር ስለሚያውቁ፣ የፊርማውን ሥነ ሥርዓት ከማዘጋጀትዎ በፊት የሁለቱን የውል ኦፊሰሮች በስልክ ያገናኟቸው። አገር ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ዩኢአይ የተባለውን የአሜሪካ መንግሥት የተቋማት መለያ ቁጥር መያዙንም አሁኑኑ ይጠይቁ፤ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ንዑስ ውል ያለ እሱ አይንቀሳቀስም።

ጥያቄ፦ የአንድ ፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። በጀታችን በውሉ ላይ በብር ተቆርጦ የተጻፈው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። ከዚያ የምንዛሪው ለውጥ መጣና ከውጭ የምናስመጣቸው ኬሚካሎች ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አሁን ምን ማድረግ እንችላለን? ኦቨርሄድ ተብሎ የሚቆረጥብንስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በጀታቸው በዶላር የተጻፈ ፕሮጀክቶች ብዙ አልተጎዱም፤ በብር የተጻፈላቸው ግን ልዩነቱን ራሳቸው ተሸከሙ። አሁን ማድረግ የሚችሉት የበጀት ክለሳ መጠየቅ ነው። ጥያቄዎን «ዋጋ ጨምሯል» ብለው ብቻ አይላኩት፤ ውሉ የተፈረመበት ዕለት የነበረውን የባንክ ተመን፣ የዛሬውን ተመን፣ ከአቅራቢው የመጡትን የቀድሞና የአሁን ፕሮፎርማዎች አያይዘው፣ ገንዘብ ካልተጨመረ የትኛው ሥራ እንደሚቀነስ ለይተው ይጻፉ። ድጋፍ ሰጪው ተጨማሪ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ የሥራውን መጠን ለመቀነስ ሊስማማ ይችላልና፣ ያንንም በውል ማሻሻያ ያስፈርሙ። ለወደፊቱ በጀቱ ድጋፍ ሰጪው በሚከፍልበት ገንዘብ ይጻፍ፤ የምንዛሪ ትርፍም ሆነ ኪሳራ የማን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይቀመጥ።

ስለ ኦቨርሄድ፣ ማለትም ለተቋሙ ተዘዋዋሪ ወጪ ስለሚቆረጠው ገንዘብ፣ ተመራማሪዎች የሚያነሱት ቅሬታ ግማሹ ትክክል ነው። ገንዘቡ ለመብራት፣ ለኢንተርኔት፣ ለፋይናንስና ለግዥ ሠራተኞች የሚውል ሕጋዊ ወጪ ነው፤ ድጋፍ ሰጪዎችም ይህን ያውቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን አውሮፓ ፕሮግራም ለተዘዋዋሪ ወጪ 25 በመቶ ሲከፍል፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለውጭ ተቋማት ለረጅም ዓመታት የከፈሉት 8 በመቶ ነው። የቅሬታው ትክክለኛ ጎን፣ ዩኒቨርሲቲው ይህን ገንዘብ ወስዶ ለተመራማሪው አገልግሎቱን ሳይሰጥ ሲቀር ነው። የግዥ ጥያቄዎ ለወራት ተኝቶ ከሆነ «የተቆረጠው ኦቨርሄድ የታለ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ የጤና ተመራማሪ ነኝ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ሲያግድ የሥራ ማቆሚያ ደብዳቤ ከደረሳቸው አንዱ የእኛ ፕሮጀክት ነበር። ውል እያለ እንዲህ ማቋረጥ ይቻላል? የቀጠርናቸው የመረጃ ሰብሳቢዎች ደመወዝስ?

መልስ፦ በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ የውጭ ልማት ዕርዳታን ለ90 ቀናት ያገደ ሲሆን ብዙ ፕሮጀክቶች በዚያው ተቋርጠው ቀርተዋል። ማቋረጡ በውሉ የተፈቀደ መሆኑን ለማወቅ የማቋረጫውን አንቀጽ ያውጡ። የአሜሪካ ፌዴራል የግራንት ደንብ ድጋፉ የመሥሪያ ቤቱን ቅድሚያ ትኩረት የማያገለግል ሲሆን ሊቋረጥ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ስለዚህ በውሳኔው ላይ እናንተ መከራከር የምትችሉበት ዕድል ጠባብ ነው። ወጪውን ማስመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያው ደንብ ከማቋረጫው ቀን በፊት በአግባቡ የተገቡና ሊሰረዙ የማይችሉ ግዴታዎች እንዲከፈሉ መንገድ ይሰጣል። የሠራተኞቹን የቅጥር ውል፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያቸውን፣ የታዘዙ ዕቃዎችን ሰነድና የደብዳቤውን ቀን አሰባስበው ለዋናው ተቀባይ ያቅርቡ። ንዑስ ተቀባይ የመዝጊያ ሪፖርቶቹን የሚያቀርበው በ90 ቀናት ውስጥ ነው፤ ውሉ ለመጨረሻው የክፍያ ጥያቄ ከዚህ ያጠረ ጊዜ ወስኖ ሊሆን ስለሚችል ያንን ቀን ማሳለፍ የለብዎትም። ጊዜው ካለፈብዎትም ዝም ከማለት ምክንያቱን ጠቅሶ መጻፍ ይሻላል።

ኦፊሰሮች ከዚህ በኋላ በሚፈርሙት ውል ላይ አንድ ነገር እንዲያስጽፉ አጥብቄ እለምናለሁ። መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ የጥናት ተሳታፊ ካለ፣ ድጋፉ ቢቋረጥ እንኳ ያ ሰው በሰላም ከጥናቱ እስከሚወጣ ወይም ወደ መደበኛ ሕክምና እስከሚዛወር ያለው ወጪ በድጋፍ ሰጪው ይሸፈን። በገንዘብ ሲታይ ከጠቅላላው በጀት ትንሹ ክፍል ነው። የስምምነት ቅጹን ፈርሞ ሰውነቱን ለጥናቱ የሰጠው ሰው ግን በውሉ ላይ ስሙም ፊርማውም የለምና፣ እኛ ካላስታወስነው የሚያስታውሰው የለም።

ጥያቄ፦ በአንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ብቻዬን የተመደብኩ የውል ኦፊሰር ነኝ። ተመራማሪዎች ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ውሉን ያመጡልኝና «ቀኑን ወደኋላ መልሰህ አስፈርም» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ደግሞ መምህሮቼ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንዴት ልመልስላቸው?

መልስ፦ ያስተማረን ሰው እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ እምቢ ሳይሉ የሚፈታ መንገድ ስላለ እሱን ያሳዩዋቸው። የፊርማ ቀንና ውሉ የሚጸናበት ቀን የተለያዩ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ «ይህ ውል ከመስከረም 1 ጀምሮ የጸና ነው» ብለው ኅዳር ውስጥ መፈረም ይችላሉ፤ በግልጽ ስለተጻፈ የተደበቀ ነገር የለም። ኅዳር ላይ ፈርሞ የፊርማውን ቀን መስከረም ማለት ግን ሐሰተኛ ሰነድ መፍጠር ነው፤ እርስዎንም ፈራሚውንም በሕግ ያስጠይቃል። ሥራው ሳይፈረም መጀመር ካለበት ደግሞ ከድጋፍ ሰጪው የተወሰነ ወጪ አስቀድሞ ማውጣት የሚፈቅድ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው የገንዘቡን ጣሪያና ማብቂያ ቀኑን ይጥቀስ። መምህርዎን ቢሯቸው ድረስ ሄደው፣ የደብዳቤውን ረቂቅ አዘጋጅተው ይዘው ያነጋግሯቸው። የድጋፍ ሰጪው መልስ እስኪመጣ የመስክ ቡድኑ ጉዞ ይቆይ፤ ውሎ አበልም አይከፈል።